ለአንድ ኢንች በረዶ እጅ መንሻ

የዋሽንግተን አካባቢ የትምህርት ቤት ሹማምንት የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም። ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ሠራተኞቻቸው መኪና አስነስተው በጨለማ አስፋልት ሲዳብሱ ያድራሉ። እዚህ ጋ ነጭ ነገር አለ፣ እዚያ ጋ የለም፣ ድልድዩ ላይ ግን አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ታይቷል። ከዚያ ጎረቤት ካውንቲ ምን እንዳሰበ ይጠያየቃሉ፤ ብቻውን ክፍት ሆኖ መገኘትን የሚፈልግ የለም። ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ውሳኔው ይወጣል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ወደ 160,000 የሚጠጋ ተማሪ አለው፣ ፌርፋክስ ደግሞ 180,000 ገደማ። ይህ ሁሉ ልጅ ጫማ ከማይሸፍን በረዶ በአንድ የስልክ መልእክት ይድናል። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ነፍስ ያተረፈ ጄኔራል በታሪክ አልተመዘገበም።

መልእክቱ በአማርኛም ይደርሰናል። ሁለቱም ካውንቲዎች ለወላጅ የሚልኩትን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ፤ ለዚህ ደግሞ ከልብ እናመሰግናለን። የቀን ገቢው እንደቀረ በገዛ ቋንቋው የሚነገረው ስደተኛ ብዙ አይደለም።

ልጆቹማ ሥርዓቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። ትንበያው በረዶ ካለ ማታ ፒጃማቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ፣ ትራስ ሥር ማንኪያ ይደብቃሉ፣ ከፍሪጅ በረዶ አውጥተው ሽንት ቤት ውስጥ ይለቃሉ። የአሜሪካ ልጆች ልማድ ነው፤ የእኛዎቹም ከክፍል ጓደኞቻቸው ወርሰውታል። ጠበል የጠጣ ልጅ እንዴት በማንኪያ ያምናል ብለው የሚቆጡ ወላጆች አሉ። ውጤቱን ግን ማየት ነው፤ ማንኪያው ከትንበያው ያላነሰ ይሠራል።

እስቲ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የአፓርታማ ሕንፃዎች አንዱን በዚያ ሰዓት እንመልከት። እናት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ ፈረቃዋ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምራል። አባት ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ አድሮ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ወድቋል። ስልኳ ይነዝራል፦ ትምህርት ቤቶች ሁለት ሰዓት ዘግይተው ይከፈታሉ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጋረጃውን ትገልጣለች። ሳሩ ላይ ዱቄት የተነፋ ይመስላል። አስፋልቱ ጥቁር ነው፤ ማታ የተረጨው የጨው ውኃ መስመር ሠርቶ ደርቆበታል። ሦስተኛ ፎቅ ትደውላለች፤ ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው እዚሁ የቀሩ እናት አሉ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ከእንቅልፍዎ ቀሰቀስኩዎት።»

«ምን ትቀሰቅሺኛለሽ፣ ዳዊቴን እየደገምኩ ነው። በረዶ ጣለ እንዴ?»

«ኧረ ምኑም አይደል። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ አውቶቡሱ ጋ ቢያወርዱልኝ።»

«አምጪያቸው። ቁርስ ግን አብልተሽ አምጪ፣ እኔ የሚበሉትን አላውቅም።»

ትንሽ ቆይቶ ስልኳ እንደገና ይነዝራል፤ መዘግየቱ ወደ መዘጋት ተቀይሯል። መልእክቱ የሚደርሰው እናት ስልክ ላይ ነው። እናት በዚያን ሰዓት የሰው አባት ደግፋ ገላ እያጠበች ስለሆነ አታየውም። ስለዚህ ከብርዱ እንዲጠበቁ ትምህርት የተዘጋላቸው ሁለት ልጆችና አንዲት አሮጊት፣ የማይመጣ አውቶቡስ እየጠበቁ ፌርማታ ላይ ሲንቀጠቀጡ ይቆያሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ትወጣለች። ልጆቹ በረዶ ሊጫወቱ ወርደው፣ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ የተረፈውን ጭረው አንዲት ኳስ ይሠራሉ። ኳሷ ግማሽ ጭቃ ናት።

ለደህንነት ነው ይሉናል። እሺ። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በአሜሪካ መንገድ ላይ ከሚሄድ ተሽከርካሪ ሁሉ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለልጅ እጅግ አስተማማኝ እንደሆነ ደጋግሞ ይናገራል። በበረዶ ቀን ያ አውቶቡስ ግቢው ውስጥ ታጥሮ ይቆማል። ልጁ ግን ቤት አይቆምም። ጎማው ባለቀ ኮሮላ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ አባት እየነዳው፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ወደ አክስቱ ቤት ይጓዛል። እዚያም ሰው ካልተገኘ ከአባቱ ጋር ሥራ ይውላል። ትልልቆቹ ልጆች ገበያ አዳራሽ ይሄዳሉ፤ ገበያ አዳራሹ አይዘጋም፣ በረዶው እዚያ በር ላይ አያዳልጥም። የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ጠባቂ ሳይኖር ቤት መተውን ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። በአንድ በኩል ልጁን ብቻውን አትተይ፣ በሌላ በኩል ትምህርት ቤት አታምጪ፣ በሦስተኛው በኩል ሥራ ካልገባሽ ደመወዝ የለም። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሰበር አሠሪዋ አስቀድሞ ያውቃል።

ይህን የሹማምንት ጀግንነት ለመንቀፍ የደፈረ አንድ ሰው ነበር። ባራክ ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሳምንታቸው፣ እ.አ.አ. በጥር 2009፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት በትንሽ ግግር በረዶ ተዘግቶ አገኙት። ቺካጎ ቢሆን ይህ እንደማይደረግ ለጋዜጠኞች ነገሩ፤ ከተማዋ ትንሽ ጠንከር ማለት አለባት ብለውም ቀለዱ። በረዶው ቂም ያዘ። ልክ በዓለ ሲመታቸው ሰባት ዓመት በሞላበት ቀን፣ ጥር 20 ቀን 2016፣ አንድ ኢንች የማይሞላ በረዶ ጨው ያልተነሰነሰበትን የዋሽንግተን መንገድ ቆለፈው። ከአንድሩስ የአየር ኃይል ሰፈር ወደ ዋይት ሐውስ ሲመለሱ የነበሩት ፕሬዚዳንት ከነአጀባቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደማንኛውም ተጓዥ ተንፏቀቁ። ከንቲባዋ ሙሪየል ባውዘር በማግስቱ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንካሬ የሚያወራ ሰው አልሰማሁም።

ሹማምንቱን የሚያስፈራቸው በረዶው እንዳልሆነ ለማወቅ ከዚያ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። ጥር 6 ቀን 2015 ፌርፋክስ ትምህርት ቤቶቹን በሰዓቱ ከፈተ። በረዶው ከታሰበው በላይ ጣለ፤ አውቶቡሶች ዘገዩ፣ መኪኖች ተንሸራተቱ። ተማሪውና ወላጁ በትዊተር ተነሣበት፤ የቁጣው መፈክር በመላው አሜሪካ ከሚንሸራሸሩት ተርታ ገባ፤ ካውንቲውም ይቅርታ ጠየቀ። በከፈተ የተሰደበ ሹም አለ፤ በዘጋ የተሰደበው ስድቡ እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም፣ ከበረዶው ጋር ይቀልጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ከበስተጀርባው ደግሞ ጠበቃ አለ። አንድ ልጅ ግቢ ውስጥ አዳልጦት ክንዱ ቢሰበር ካውንቲው ይከሰሳል፤ ያው ልጅ አፓርታማው በር ላይ ቢሰበር ካውንቲው አበባ እንኳ አይልክም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጠበቃውን ፈርተው ትምህርት ቤቱን ይዘጋሉ።

ሐሰት እንዳልናገር፣ የሚያስዘጋ በረዶ አለ። ጥር 28 ቀን 2014 አትላንታን የመታው ሁለት ኢንች ገደማ ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ሱቁም በአንድ ጊዜ ሰውን ስለለቀቁ ከተማዋ ቆመች። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ አደሩ፤ አውቶቡስ ውስጥ ያደሩም ነበሩ። ከዝናብ በኋላ ሌሊት የረጋ ግግር በረዶማ ቀልድ አያውቅም፤ ያኔ የሚዘጋውን እኔም አመሰግናለሁ። የምሸሙጠው ደርቆ ስለተኛው፣ ማለዳ መጥረጊያ ስለሚያነሣው በረዶ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የደማስከስ ጉዳይ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰፊ ነው፤ ሰሜን ጫፉ ላይ ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠች ደማስከስ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ በረዶ ሲይዝ ሲልቨር ስፕሪንግ ዝናብ ብቻ ይሆናል። ውሳኔው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመላው ካውንቲ አንድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ በደማስቆ መንገድ ላይ የወደቀው ብርሃን አይቶ ነው፤ እኛ የደማስከስን መንገድ ሳናየው ቤታችን ሆነን እንወድቃለን።

ልጆቹ ትምህርት ይቀርባቸዋል ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። የሃርቫርድ ተመራማሪ የነበሩት ጆሹዋ ጉድማን በ2014 ባወጡት ጥናት የማሳቹሴትስን ትምህርት ቤቶች መርምረው፣ በበረዶ ምክንያት መዘጋት የተማሪን የፈተና ውጤት እንዳልጎዳው አግኝተዋል። የጎዳው ትምህርት ቤት ክፍት ሆኖ ልጅ ሲቀር ነው፤ መምህሩ አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ነገ የሚቀርበትን ክፍል እኩል ማስኬድ ያቅተዋል። ሹማምንቱ ይህን ጥናት ቢወዱት አይፈረድባቸውም። ጥናቱ ግን የመረመረው የልጁን ፈተና ነው። የእናቱን የሰዓት ክፍያ አልመረመረም፤ ቁርስና ምሳውን ትምህርት ቤት የሚበላው ልጅ በዚያ ቀን ምን እንደበላም አልጠየቀም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በረዶ ሲጥል የፌዴራል መንግሥቱ ሠራተኛ ከቤት እንዲሠራ ሲፈቀድለት ኖሯል፤ ካልሲውን አድርጎ፣ ቡናውን ይዞ፣ ልጁን ጎኑ አስቀምጦ። የሕግ ቢሮውም፣ የአማካሪ ድርጅቱም እንዲሁ። የበረዶ ቀን ለእነሱ እረፍት ነው፤ ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ። ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ የሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፣ አዛውንት የምትንከባከበው ግን ሥራዋን በኮምፒውተር አትልከውም። ሆቴሉ እንግዳ አለው፤ ሽማግሌው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይፈልጋል። ሦስት ጊዜ የቀረች ሠራተኛ አራተኛ ጊዜ ባትጠራ ማንም አይገረምም። የበረዶውን ዋጋ የሚከፍሉት ውሳኔው ሲወሰን ማንም ያልጠየቃቸው ናቸው።

ከቤት መማር ይሻላል የሚሉ አሉ። ኒውዮርክ ሞክራው ነበር፤ በየካቲት 2024 በረዶ ቢጥልም ትምህርት አይዘጋም፣ በኮምፒውተር ይሰጣል ተባለ። ጠዋት ተማሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገባ መግቢያው አልከፍት አለ። እዚያ በረዶው የዘጋው ኮምፒውተሩን ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ አባቶች ጉራም ይብቃ። «እኔ በልጅነቴ ወንዝ ተሻግሬ፣ በባዶ እግሬ፣ ሁለት ሰዓት ተጉዤ» የሚለው ታሪክ በረዶ በጣለ ቁጥር ይወጣል፤ ወንዙም በየዓመቱ ይሰፋል። አባባ፣ አገር ቤት ትምህርት በሰኔ ተዘግቶ ክረምቱ እስኪወጣ አይከፈትም። ዝናብን በመፍራት ከሆነ እኛ ለሁለት ወር ነው የምንዘጋው። በጉራ የሚችለን የቡፋሎ ሰው ብቻ ነው። ከተማው በዓመት በአማካይ 95 ኢንች ገደማ በረዶ ይወርድበታል፤ ዋሽንግተን 14 ገደማ። ቡፋሎ መጥረጊያ መኪናው አለው፣ ልምዱም አለው። ዋሽንግተን ለዓመት ጥቂት ቀን ያን ሁሉ መኪና አትገዛም፤ ስሌቱ ይገባኛል። ግን መኪና ካልገዙ ገንዘቡ ተርፏል ማለት ነው፤ ከተረፈው ለእነዚያ ልጆች አንድ ሞቅ ያለ አዳራሽና ሁለት ሞግዚት ማቆም ምን ያቅታል?

አሠራሩ ይቀጥል ከተባለ ግን ጎደሎ አይሁን። ንፋስም አደገኛ ነው፤ ባርኔጣ ይወስዳል። የበልግ ቅጠል ሲረግፍ ያዳልጣል። የማለዳ ፀሐይ ሾፌር ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ በፀሐይ ቀን ሁለት ሰዓት መዘግየት ይገባል። ዳመና ሲሆን ደግሞ በረዶ ሊሆን ይችላልና መዝጋት ነው። እንዲህ ብናደርግ ቢጫው አውቶቡስ ሳይጫር ሃያ ዓመት ይቆያል፤ ከተማሪም መካከል ትምህርት ቤት ውስጥ ወደቀ የሚባል አይኖርም።

የሁለቱም ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባላት በሕዝብ ድምፅ የሚመረጡ ናቸው። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ መናገር የሚፈልግ አስቀድሞ ይመዘገባል። በአማርኛ የሚላክልንን መልእክት እያነበብን ስንት ክረምት ዝም አልን። ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ትንበያው ግልጽ በሆነበት ቀን ውሳኔው ሌሊት ሳይሆን ማታ ይነገረን፤ ትምህርት ቢዘጋም ለሠራተኛ ልጆች አንድ በር ክፍት ይሁን፣ ምሳም ይኑር። ለመሄድ ቀን ስትመርጡ ግን የአየር ትንበያውን እዩ፤ ትምህርት ቤት በበረዶ ሲዘጋ በግቢው የሚደረገው የማታ ስብሰባም አብሮ ይሰረዛል።