«ሺ ዶንት» ያለችውን ልጅ ተዋት!

«ሰማሃት? ‹ሺ ዶንት ኖው› አለችኮ!» ብለህ ደሴ ፒያሳ መሐል የሳቅከው ወንድሜ፣ ሰምቻታለሁ። የሰማናት ስለተናገረች ነው። ያንተን ስህተት ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ አፍህን መቼ ከፍተህ! ፈረንጁ መንገድ ሲጠይቅ አንተ ስልክህ ላይ አቀርቅረህ አለፍክ፤ እስከ አይጠየፍ አዳራሽ መርታ ያደረሰችው እሷ ናት። «ሺ» ነጠላ ሦስተኛ መደብ ስለሆነ «ደዝንት» ማለት እንደነበረባት እኔም አውቃለሁ። ጠጋ ብለህ በቀስታ ብትነግራት ነገ አስተካክላ ትለው ነበር። ስለሳቅክባት ግን ነገ ፈረንጅ ስታይ መንገድ ትቀይራለች።

«በኛ ጊዜ እንግሊዝኛ እንዲህ አልተዋረደም» ላሉኝ ጋሼም መልስ አለኝ። ልክ ነዎት ጋሼ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ እርስዎ ተማሪ ነበሩ፤ ቋንቋውን ከባለቤቱ አፍ ሰምተዋል። ያኔ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ለመግባት የታደለው ግን ከስንት የወሎ ልጅ አንዱ ነበር? የዛሬዋን ልጅ ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ከክፍል አስወጣት። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በሰሜኑ ጦርነት ደሴ ስትያዝ ደብተሯን ጥላ ሸሸች። ከተማዋ ነጻ የወጣችው ኅዳር መገባደጃ ላይ ነው። የጎደላት ትምህርት መቼ እንደጎደለ በወርና በዓመተ ምሕረት ይታወቃል ጋሼ፤ ስንፍና አይበሉት። ይልቅ ያንን የሚያምር አነጋገርዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ያሰሟት።

«እኔ የፈተናውን ዘዴ አስተምሬያታለሁ፤ ‹ስህተቱን አውጪ› ስትባል ‹ኦልዞው› ካየች ‹በት› ላይ ታጠቁራለች» ያልከኝ አስጠኚ፣ ለምን እንደምታጠቁርስ ነግረሃታል? እኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን መጣሁ» ብንል ማንም አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል፤ «ኦልዞው» ካለ «በት»ን አይፈልግም። ልጅቷ ይህን ከተረዳች ስህተቱን ታገኘዋለች፤ ቀጥሎም ሳትሳሳት ትጽፈዋለች። ዘዴህን ብቻ የያዘች ግን ፈታኙ «በት»ን ለሌላ ነገር በትክክል ያስገባበት ቀን እሱኑ አጥቁራ ትወጣለች።

«ዘ ቦክስ ኦፍ ቡክስ አር ሄቪ» የሚለውንም እንየው። ዓይን የሚታለለው «ቡክስ» ከግሱ አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። ከባዱ ማነው ብለሽ ጠይቂ በላት። ሣጥኑ! ሣጥኑ ደግሞ አንድ ነው፤ ስለዚህ «ኢዝ»። ዓረፍተ ነገሩ የፈለገውን ያህል ቢረዝም መሐሉን ለጊዜው ሸፍና ባለቤቱን ከግሱ ጋር ታገናኝ። «ዲስካስ አባውት» ሲገጥማት «አባውት»ን ትጣል፤ «ዲስካስ» ተሳቢውን ራሱ ይዞ ይሄዳል። የዕቃ መሸጫ ሰሌዳ ላይ «ፈርኒቸርስ» ስታነብ «ስ»ዋን ታንሳ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ አይቆጠርም።

«ታዲያ ለፈተና ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል?» አልከኝ። እንዴት አያደርግላትም! በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። የጥያቄው ባለቤትና ግስ ያልተለየላት ልጅ ፊዚክሱን እያወቀችው ትወድቃለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ ፈተናው ምርጫ ብቻ መሆኑ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረች ልጅ አንድ አንቀጽ ጻፊ አትባልም፤ ሁለት ደቂቃ ተናገሪ አትባልም። የሌላ ሰው ስህተት ስትለቅም አድጋ የራሷን ዓረፍተ ነገር የምትጀምርበት ቀን ሳይመጣ ትመረቃለች።

«ቋንቋ ሌላ በምን ይለመዳል?» ለሚለኝ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ቅኔ ቤት ገብተህ እይ። ተማሪው ገና በጉባኤ ቃና ሲጀምር ሁለት ቤት ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የተሳሳተውን ያርምለታል፤ ተማሪውም ሄዶ ሌላ ይቆጥራል። ነገም እንዲሁ ነው። በመስጊዱ በኩል ነህው፣ ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው፣ የሚቀራው ደረሳም ከሸኹ ፊት ተቀምጦ የቃሉ መድረሻ ለምን እንደተለወጠ በአፉ ያስረዳል። ሁለቱም ጋ እርማት ጥብቅ ነው። ግን የሚታረመው የተማሪው የራሱ ሥራ ነው፤ አራሚውም ከተማሪው የበለጠ የደከመ ሰው ነው። የዋድላ ቅኔ እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራው በዚህ ነው። «እንግሊዝኛ የማያውቅ አልተማረም» ያልከውም እግረ መንገድህን ስማ፤ የቦሩ ሜዳው ሊቅ መምህር አካለ ወልድ የተከበሩት በግእዝ ነው። ደሴ ላይ በስማቸው የተጠራ ትምህርት ቤት አለ፤ ስታልፍ ቀና ብለህ አንብበው።

«ኧረ ሰዋስው ምን ያደርጋል፣ መግባባት ነው ዋናው» የምትለኝ ደግሞ አንተ ና፤ ካንተም ጋር አልስማማም። ኮምቦልቻ ውረድ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የውጭ አገር ተቆጣጣሪ «ስቶፕ ቱ ክሊን ዘ ማሽን» ቢልህ የያዝከውን ሥራ አቁመህ ማሽኑን ማጽዳት አለብህ። «ስቶፕ ክሊኒንግ ዘ ማሽን» ካለህ ግን ማጽዳቱን ተው ማለቱ ነው። ልዩነቱን ያልሰማ ልጅ ሊነሣ በተዘጋጀ ማሽን ውስጥ እጁን ይከታል። ስለዚህ ስህተትም ደረጃ አለው እላለሁ። ትርጉም የሚገለብጠውን ዛሬውኑ፣ እዚያው እንረም። «ሺ ዶንት» ትርጉሙ አልጠፋም፤ እሱ ሲውል ሲያድር ይቃናል። አብሽሪ በላት።

አንድ ተጠራጣሪ ቀርቷል፤ «የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አያልቅም» እያለ የልጆቹን ደብተር በቀይ የሚሞላው። እሺ ወንድሜ፣ የመጣሁበትን አገር በእንግሊዝኛ ጠይቀኝ። «ዌር አር ዩ ፍሮም?» አልክ አይደል? በምን ጨረስከው? ይህን ክልከላ ካስወሩት አንዱ ገጣሚው ጆን ድራይደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1672 ቤን ጆንሰንን በዚሁ ወቀሰው። እንግሊዞቹ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በመስተዋድድ ሲጨርሱ ኖረዋል። ትክክሉን ስህተት ብሎ ማረም ከ«ሺ ዶንት» የባሰ ጉዳት ነው፤ ልጁ የሚያውቀውን ያስጥለዋልና። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ከማስመሩ በፊት መዝገበ ቃላትና የሰዋስው መጽሐፍ ይግለጥ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሳቂ ልመለስ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ልስጥህ። «ኢች ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ሃቭ ኤ ቡክ።» «ዘ ኒውስ ፍሮም ኮምቦልቻ ኢዝ ጉድ።» «ሂ ኤክስፕሌይንድ ሚ ዘ ሌሰን።» ትክክሉ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለእኔ አትንገረኝ፤ የሳቅክባት ልጅ ጋ ሄደህ የቀሩት ሁለቱ ለምን እንደተሳሳቱ አስረዳት። ከዚያ አራተኛውን እሷ ትሥራ፤ አምስተኛውን አንተ ሥራና እሷ ታርምህ።