ልደታ አምበር ላይ

ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ በደጀን በኩል ብቸና አድሬ፣ በማግስቱ ሞጣ ልገባ ነበር ሐሳቤ። አምበር ስንደርስ የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ስኮርታውን ቢያወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሁለቱን ጎማዎች ባጃጅ ላይ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሲሄድ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ተበተነ። ዕለቱ ግንቦት 1፣ ልደታ ነበረች።

ከመንገዱ ወረድ ብሎ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበዋል። ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ቡናው ይፈላል። አንዲት እናት ከንፍሮው ዘግነው ወደ ግንዱ በተኑና ዝናቡ በወቅቱ እንዲጥል፣ እህሉ ከዋግ እንዲጠበቅ ለመኑ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «ኑ እንጂ ልጆቼ! ልደታን ሳይቀምሱ ይታለፋል እንዴ?» አሉን።

ዋግ ሲሉ ሐሳቤ ሮም ገባ። የጥንት ሮማውያን ሮቢጉስ የሚሉት፣ የስንዴ ዋግ ያመጣል ብለው የሚፈሩት አምላክ ነበራቸው። በዓሉ በእነሱ አፕሪል 25፣ በእኛ ሚያዝያ 17 ገደማ ይውል ነበር። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በዚሁ ዕለት ከኖሜንቱም ከተማ ወደ ሮም ሲመለስ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገድ ዘግቶ አቆመው። ካህኑ የውሻና የበግ ሆድ ዕቃ ይዞ ወደ ሮቢጉስ ደን እየሄደ ነበር፤ የኦቪድ ግጥም እንደሚለው ዋጉን ለጋ አዝመራውን ተወው፣ ይልቅ ሰይፍና ጦሩን ብላ ብሎ ይለምናል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተጸለየ ጸሎት ነው፤ ስንዴው በዋግ ያለቀበት ገበሬ ዛሬም አሜን ይለዋል።

ስለ ሮም አማልክት ሲወራ ቀድመው የሚነሱት ጁፒተርና ማርስ ናቸው። እነሱ የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ናቸው። በእኛም አገር ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የማኅረም ልጅ ነኝ ብሎ በድንጋይ አስቀርጿል፤ በግሪክኛው ጽሑፍ ማኅረም የጦር አምላኩ አሬስ ነው። እኔን የሚማርኩኝ ግን የደጃፍና የማሳ አማልክት ናቸው። ላሬስ ለሚባሉት የመስቀለኛ መንገድ ጠባቂዎች እያንዳንዱ ቤት የማር ዳቦ ያመጣ ነበር። የድንበር ድንጋይም ተርሚኑስ የሚባል አምላክ ነበረው። በፌብሩዋሪ 23 ሁለት ጎረቤታሞች ከየወገናቸው መጥተው ድንጋዩን የአበባ ጉንጉን ያለብሱትና አብረው ይበሉ ነበር። በድንበር ስንት ሰው ደም በተቃባበት በጎጃም ምድር ይህን በዓል ሳስብ እቀናለሁ።

ከተሳፋሪዎቹ አንድ ወጣት ንፍሮውን አልቀምስም አለ። «እማማ፣ ለዛፍ መበተን ባዕድ አምልኮ ነው» አላቸው። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን ሊባኖስ ተራራ ላይ ሲወልዱ የቀመሱት ንፍሮ ነው፤ ውጭ የምንውለውም ለዚሁ ነው» ሲሉ መለሱለት። ወጣቱ በእምነቱ ነው የተናገረው፤ አከብረዋለሁ። እኔ ግን ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሮምም ክርስቲያን ከሆነች በኋላ በዚያው በአፕሪል 25፣ የሮቢጉስ ሰልፍ ይወጣበት በነበረው በፍላሚንያ መንገድ ምእመናኑ ለአዝመራቸው ምሕላ እያደረሱ ይወጡ ነበር። የሚለመነው ተለወጠ፤ የገበሬው ጭንቀት ግን ያው ነው።

ጎማው የተመለሰው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። መሐል ላይ ዝናብ ጣለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኛ በሰበስን። ደጀን ስንደርስ የብቸና መኪና ስላልነበረ እዚያው አደርኩ።

የሮቢጉስን ጸሎት ዛሬ የምናውቀው ኦቪድ መንገድ ላይ ቆሞ ስላየና ስለጻፈው ነው። የአምበሯ እናት የለመኑትን ግን ቃል በቃል ማንም አልጻፈውም። እናንተም በመጪው ልደታ እናቶች ዛፍ ሥር የሚሉትን ጠጋ ብላችሁ ስሙ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቁና ቃላቸውን ከነመንደሩና ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉ።