ቦንድ የገዛ ሰው መብራት አያጠፋም

ለፍጥረት ያለን ፍቅር መቼም አይታማም። ሐምሌ በገባ ቁጥር አረንጓዴ ካኔቴራ ለብሰን፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀን ተራራ እንወጣለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መትከላችን ተነግሮ ዓለም ሰምቶልናል። ችግኙን በአንድ እጅ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ፎቶ ያልተነሣ ማን አለ? እሑድ ጠዋት ደግሞ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዙ ውኃ፣ ስለ ምድሩ ፍሬ ሲጸለይ ከልባችን ኪርያላይሶን እንላለን። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ቀረን? ቤት ገብተን መብራት ማጥፋት? ኧረ ምን በወጣን!

በሰፈራችን አንድ የተከበሩ ጋሼ አሉ። በራቸው ላይ የተሰቀለው ፓውዛ ሌት ተቀን ይበራል። ሌሊቱን ለሌባ ነው እንበል፤ ቀን ቀን ግን ፀሐይን ለማገዝ ሳይሆን አይቀርም። "ጋሼ፣ መብራቱ በርቶ አድሮ በርቶ ዋለ'ኮ" ያላቸው ጎረምሳ ያገኘው መልስ እስከ ዛሬ የሰፈሩ መሳቂያ ነው፦ "አንተ ልጅ፣ እኔ ለዓባይ ቦንድ ገዝቻለሁ!"

ምን ይመለስላቸዋል? መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ የወር ደመወዛቸውን ሰጥተዋል። በ8100 መልእክት ልከዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው አልቅሰዋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ባለቤት የሆነን ሰው አንድ አምፖል አጥፋ ማለት፣ ደጋሹን በገዛ ድግሱ ጉርሻ ቆጥብ እንደማለት ነው።

የጋሼ ፓውዛ ባለ 100 ዋት ነው። ሌት ተቀን ሲበራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በታሪፉ ርካሹ እርከን፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ነዋሪ ተብሎ የተቀመጠው፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ነው። አንድ ድኻ ቤተሰብ አምፖሉንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ስልኩንም ይዞ ወሩን ይገፋበታል የተባለውን የጋሼ በር ብቻውን ጨርሶ ሌላ ይጨምራል። በዚህ አገር በር ሆኖ መፈጠር ነበር!

ቦይለሩማ አይነሣ። ጋሼ ገላቸውን የሚታጠቡት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ቦይለሩ ግን ሰባቱንም ቀን ተሰክቶ ይከርማል። ውኃው ይሞቃል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይሞቃል። ማንም ሳይነካው ሳምንቱ ያልፋል። ሰው በሌለበት ሳሎን ለሶፋው ዜና የሚያነበውን ቴሌቪዥን ደግሞ እንለፈው።

ምጣዱ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,600 ዋት ገደማ ይስባል፤ ባለ 9 ዋት አምፖል 400 በአንዴ እንደማብራት ነው። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ መጀመሪያ ምጣዱን ይሰኩታል። ሊጡ መወፈሩ የሚታወሳቸው ከዚያ በኋላ ነው። "ማሰሻውን የት ከተታችሁት? አክንባሎውስ?" ሲባል ስልክ ይጮኻል፤ የለቅሶ ወሬ ነው፣ ቶሎ አይዘጋም። ባዶ ምጣድ ሩብ ሰዓት ሲግል የሚበላው ያንን ባለ 9 ዋት አምፖል መቶ ሰዓት ያበራል። ሠራተኛቸው በተራዋ ስትጋግር ሌላ ነው። ሊጡን አቅጥና፣ ማሰሻውን አዘጋጅታ፣ ሰፌዱን አጠገቧ አድርጋ ነው የምትሰካው። የመጨረሻው እንጀራ ሲቀራት ትነቅለዋለች፤ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ በእሱ ትጨርሳለች። በቀረው ሙቀት ደግሞ ድርቆሽ ታደርቅበታለች። እትዬ ያዩዋትና ከንፈራቸውን ይመጣሉ፦ "የድኻ ልጅ ናት፤ አልለቃት አለ።"

የተማሩት ጎረቤቶች ደግሞ ከጋሼ የተሻለ መከራከሪያ አላቸው። "የእኛ ኃይል ከውኃ ነው፤ ጭስ የለውም፤ ብናባክነው ማንን ይጎዳል?" ይላሉ። ከውኃ መሆኑስ እውነት ነው። ችግሩ ግድቡ ያለው ጉባ፣ ትራንስፎርመሩ ያለው እኛ ቅያስ መሆኑ ነው። የበዓል ዋዜማ ይምጣ። የየቤቱ ምጣድ ተሰክቷል፣ ዶሮው ስቶቭ ላይ ነው፣ በዚያ ላይ ማንም የማይታጠብበት ቦይለር ሁሉ ተደርቦ ይስባል። ያ ምስኪን ትራንስፎርመር ትንሽ ያጉረመርምና ድው ይላል። ሰፈሩ ይጨልማል። ቀጥሎ ከየግቢው የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው፦ "ሩጥ፣ ከሰል ገዝተህ ና!"

ከሰሉ ጉባ አይመረትም። ከስምጥ ሸለቆው ግራር ተቆርጦ፣ አፈር ተከምሮበት፣ ታፍኖ ተቃጥሎ በማዳበሪያ ከረጢት ይመጣል። በዚያ ባሕላዊ አሠራር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይነዳል። ስለዚህ ጭስ የለሽ የተባለው ብክነታችን በዋዜማው ምሽት ጭስ ያወጣል፤ ያውም የሰው ዕድሜ ያህል የቆመ ዛፍ ጭስ። ሐምሌ ላይ የተከልናት ችግኝ ገና ጉልበት አልደረሰች። ግን ምን ችግር አለ፣ ፎቶዋ አለን።

ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ገደማው እስከ ዛሬ መብራት አላየም፤ በእንጨትና በኩበት ያበስላል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይተን "ወይኔ ደኑ አለቀ!" ብለን የምናዝነው እኛው ነን፤ ቦይለሩን ሰክተን የወጣነው። ጋሼ በሰንበቴው አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን ሲያስረዱ ሰው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል። ፓውዛው ግን ከገነት ውጭ ነው መሰል፣ አንድም ቀን አልተነሣ።

ግድቡ የሁላችንም ነው፤ ጋሼ ልክ ናቸው፤ የእኛም ቦንድ አለበት። ስለዚህ ለመጪው በዓል ዋዜማ ከጋሼም ከእናንተም አንድ ነገር እንለምናለን፦ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቦይለራችሁን ንቀሉልን። እንጀራ ያልጋገርን ብዙ ነን።