ቆጥም ፈቃድ አወጣ

ዓለም እዚህ ትደርሳለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጣሪያው ሥር፣ ቆጥ ላይ ወጥቶ ለመተኛት የመንግሥት ፊርማ ያስፈልገዋል አሉ! እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ መደብ ላይ ተኝታችሁ ያደጋችሁ፣ በኩራዝ ያጠናችሁ፣ እስቲ ፍረዱኝ።

ልጄ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሮጌ ቤት ገዛ። በሾጣጣው ጣሪያና በኮርኒሱ መካከል ባዶ ቦታ አለ። እነሱ አቲክ ይሉታል፤ እኔ ቆጥ እለዋለሁ። «አባዬ፣ መኝታ ቤት አድርጌ አከራየዋለሁ፣ የቤቱን ዕዳ ይደግፈኛል» አለኝ። መልካም ሐሳብ ነው አልኩ። ጣውላና ምስማር ይዞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ወረቀት ተሸክሞ መጣ። የንድፍ ወረቀት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የኤሌክትሪክ ፈቃድ፣ ከዚያ ኢንስፔክተር፣ ደግሞ ሌላ ኢንስፔክተር። የአያቴ ተዝካር እንኳ ይህን ያህል ሰው አላመላለሰም።

በእኛ ጊዜ ቆጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር የሚያልቀው። ተክለ ሃይማኖት ሠፈር ያለችው የቀበሌ ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። አባቴ የባሕር ዛፍ አጣና ከግድግዳ ግድግዳ አጋደመ፣ ጣውላ ረበረበበት፣ መሰላል አስደገፈ፣ አለቀ። አምስት ልጆች ተግተልትለን ወጣን። ማንንም አላስፈቀድንም። እንዴትስ እናስፈቅዳለን? በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሁሉ ከተወረሰ ወዲህ፣ ቀበሌው አንዲት ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ ማመልከቻ ጻፉ፣ ኮሚቴ ይየው፣ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ ይል ነበር። ቆጥ ግን ከውጭ አይታይም። ነጻነት ማለት ያ ነበር!

እዚህ የሚከተሉት «ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤቶች ኮድ» የሚባል መጽሐፍ አላቸው። ስሙ ዓለም አቀፍ ይሁን እንጂ በዋናነት የሚሠራበት አሜሪካ ነው፤ የተክለ ሃይማኖትን ሰው ማን ጠየቀ? ሰው የሚኖርበት ክፍል ቢያንስ 70 ካሬ ጫማ ይሁን ይላል። ጣሪያው ያዘቀዘቀ ከሆነ፣ ከዚህ ከሚፈለገው ወለል ቢያንስ በግማሹ ላይ ከፍታው 7 ጫማ ይሙላ። ከ5 ጫማ በታች የሆነው ጥግ ጭራሽ አይቆጠርም። አይቆጠርም! ወለሉ አለ፣ እረግጠዋለሁ፣ ሻንጣዬን አስቀምጬበታለሁ፤ በወረቀት ግን የለም። እኛ ቆጥ ላይ ቀና ብሎ የተቀመጠ ሰው አይተን አናውቅም። በእንብርክክ ገብተን በእንብርክክ እንወጣ ነበር፤ ትሕትናን የተማርነው በዚያ ነው። ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ የቆርቆሮው ምስማር የተወልኝ ናት። ቆንጆ ጠባሳ ናት። የዛሬ ልጆች ምን ምልክት አላቸው?

ቀጥሎ ኮንትራክተሩ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ወለሉን አንኳኳና «ጋሼ፣ ይሄ የተሠራው ለዕቃ ነው፣ ሰው አይችልም» አለኝ። ዕቃ ለሚቀመጥበት ቆጥ በካሬ ጫማ 20 ፓውንድ ያስባሉ፣ ሰው ለሚተኛበት 30። ስለዚህ አግዳሚዎቹ ሁሉ በአዲስ እንጨት ይጠናከሩ ተባለ። ለአንድ ቀጫጫ ተከራይ! የእኛ ቆጥ አምስት ልጅ፣ አንድ ኩንታል ጤፍና የአክስቴን ሣጥን ተሸክሞ ስንት ዘመን ኖረ። እርግጥ አንድ ክረምት መሐሉ ረገብ ብሎ አያቴ አልጋ ላይ ሊያርፍ ደርሶ ነበር። አባቴ በዚያው ሌሊት ምሰሶ ፈልጎ ከሥሩ አቆመለት። መሐንዲስ አልተጠራ፣ ሒሳብ አልተሠራ! አያቴም ከዚያ ወዲያ ምሰሶውን አቅፈው ነበር የሚተኙት፤ አንድም ቀን ቅር ሲላቸው አላየሁም።

በአግዳሚዎቹ መካከል ደግሞ የሚያብለጨልጭ ጠጠር መሳይ ነገር ተነጥፎ ተገኘ። ቨርሚኩላይት ይሉታል፤ ብርድ መከላከያ ነው። ብዙው የወጣው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለ ማዕድን ነው አሉ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘግቷል። አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አትንኩት፣ አትጥረጉት ተባለ። ለጎመኔ መደብ አንድ ባልዲ ልዝቅ ስል ልጄ እጄን ያዘኝ። እጄን! የገዛ አባቱን!

መሰላልም ተከለከለ። ከኮርኒሱ ተስቦ የሚወርደው ተጣጣፊ መሰላል ለመኝታ ቤት አይሆንም ተብሎ ቋሚ ደረጃ ተሠራ፤ ወርዱ 36 ኢንች፣ የእርከኑ ከፍታ ከ7¾ ኢንች ያልበለጠ፣ መርገጫው ከ10 ኢንች ያላነሰ። በእኛ ጊዜ ከመሰላል ወድቆ የተጎዳ ሰው አልነበረም። አጎቴ ከማኅበር መልስ የወደቁት ከመሰላሉ አይደለም፣ ከራሱ ከቆጡ ነው፤ እሳቸውንም ወጌሻ አሽቶ በአንድ ክረምት አስነሣቸው። የአዲሱን ደረጃ መደገፊያ እኔ ለጨዋነት ያህል እይዘዋለሁ። ስወጣም፣ ስወርድም።

መስኮቱንማ ተዉት። ሲከፈት ክፍተቱ 5.7 ካሬ ጫማ ይሁን፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች፣ ወርዱ ከ20 ኢንች አይነስ፣ ደፉ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ አይራቅ። ምን ያደርጋል? ብል፣ ደረጃው በጭስ ቢዘጋ የተኛው ይወጣበታል፣ ዕቃውን የተሸከመ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ይገባበታል አሉኝ። እኛ ምን መስኮት ነበረን? ጎረቤት ኩራዝ ተደፍቶ እሳቱ ወደ እኛ የዘለቀ ለታ፣ የሠፈሩ ጎረምሶች ቆርቆሮውን በመጥረቢያ ገንጥለው አንድ በአንድ ጎትተው አወጡን። መስኮት ማለት ያ ነው! ሲያስፈልግ ይከፈታል፣ በማያስፈልግበት ጊዜ ብርድ አያስገባም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ደወሉ ነው። በየመኝታ ክፍሉ፣ በየመኝታው ደጃፍ፣ በየፎቁ የጭስ ደወል ተሰቀለ። እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮኻሉ። ምራቴ ታች ቡና አፍልታ ዕጣን ጣል ስታደርግ ላይ ቆጡ ላይ ያለው ያብዳል፤ አቦሉን ሳንጠጣ በር ስንከፍትና ስናራግብ እንውላለን። ሌላም ደወል አለ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ተኝተህ ይገድልሃል ይሉኛል። ስንት ዘመን ቤት ውስጥ ከሰል አነደድን! ከሰል ማንንም አልገደለም። በር ዘግተው፣ የከሰል ምድጃ አጠገባቸው አድርገው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩት ባልና ሚስት መጋኛ መትቷቸው ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ልጄ የቆጡን ለማሠራት የብብቱን ጨረሰ። የመጨረሻው ኢንስፔክተርም ፈርሞ ሄደ። እኔ እንደሆነ ለሙከራ ያህል ብቻ ከሰዓት ከሰዓት እዚያ አሸልባለሁ፤ ነፋሻ ነው፣ ጸጥታ አለው፣ ቀና ብዬም እሄድበታለሁ። አሁን ተከራይ እየፈለግን ነው። የምታውቁት ጨዋ ልጅ ካለ ላኩልኝ። ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ መስኮቱ ፊት ሻንጣ የሚከምር፣ ሻማ ለኩሶ የሚተኛ፣ ደረጃው ላይ ጫማ የሚያዝረከርክ፣ የደወሉን ባትሪ የሚነካካ ከሆነ አላስገባውም። የሰው ቤት ነው፣ ደንብ አለው።