ድንቅነሽን በ4 ሰከንድ

ልጅን ሙዚየም ማስጎብኘት እንደ እኛ ከተማ፣ እንደ አዳማ፣ የሚያውቅበት የለም። የሚጠራጠር ካለ በግንቦት አንዱን ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳና ይይ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ከበሮው ይደለቃል፤ ለምሳ የተቋጠረው ፍርፍር ሞጆ ሳይደረስ ያልቃል።

ዋናው ጥበብ ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። አምና አብሬ ሄጄ በዓይኔ አየሁ፦ 80 ልጅ፣ አንድ ሰልፍ። ድንቅነሽ ፊት የቆሙበትን በሰዓቴ ብይዘው ለአንድ ልጅ 4 ሰከንድ ደረሰው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለቆየች እናት መቼም አያንስም! መምህሩም አንደበተ ቁጥብ ናቸው፤ “አትንኩ፣ አትቁሙ፣ እለፉ” ብለው ጨረሱ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ አልነገሯቸውም። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ሳለ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከዳሌዋና ከጭኗ አጥንት እንዴት እንደታወቀም እንዲሁ። ፈተና ላይ አይመጣማ!

አንድ ነገረኛ ልጅ ግን አልጠፋም።

“ቲቸር፣ ድንቅነሽ የተገኘችበት አዋሽ የእኛው አዋሽ ነው?”

ሰልፉ ተገተረ። መምህሩ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው “ሰልፍህን ያዝ!” አሉት። ደግ አደረጉ። ዛሬ “አዎ” ከተባለ ነገ ወንዙን ተከትለን እንሂድ ሊል ነው። ሽቅብ ከሄደ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል፤ ሐምሌ 2016 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ የጥንት ሰዎች ባልጩት ፈልጠው መሣሪያ የሠሩበት ቦታ ነው። ቁልቁል ከወረደ አፋር ገብቶ ሐዳር፣ ድንቅነሽ ኅዳር 1967 ከተገኘችበት። ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ድንጋይ እያገላበጠ የሚማር ልጅ ደግሞ ለጉዞ ተብሎ የታተመውን ቲሸርት ማን ይገዛለታል?

ብቻ ሙዚየሙ በ20 ደቂቃ ተጠናቀቀ፤ ለበርገርና ለመጫወቻው 3 ሰዓት ሙሉ ተረፈ። ሰኞ “የጉብኝቱ ጥቅም” የሚል ድርሰት ታዘዘ። 80ውም “ብዙ ዕውቀት ቀስመናል” ብለው ጻፉ፤ ከሰሌዳው ላይ ገልብጠው።

የነገረኛው ልጅ ሰፈር ወንጂ ነው። ከሸንኮራው ማሳ ወዲያ የሚፈሰው ወንዝ ያው አዋሽ ነው።