ፋክስ ያድርጉልን ይሉኛል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን መስከረምን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሐኪም ቤት መደወል ይበቃል። ዶክተሩ በቪዲዮ በሚያክምበት አገር፣ ማስረጃዬን ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ለማሻገር የሚሰጠኝ መልስ «ፋክስ ያድርጉልን» ነው። ኢሜይልስ? «አንቀበልም፤ ደህንነቱ አያስተማምንም።»

ፋክስ የሚሉት ነገር እኮ አሌክሳንደር ቤን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በፈረንጆቹ 1843 ያስመዘገበው ሐሳብ ነው። ቤል ስልኩን ያስመዘገበው በ1876 ነው፤ ፋክስ የስልክ ታላቅ ወንድም ነው፣ ያውም በ33 ዓመት። አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ዘውድ ሲጭኑ ፋክስ 12 ዓመቱ ነበር። «አባባ፣ ጊዜው ተለውጧል» የምትሉኝ ልጆች፣ እስቲ ይህንን ለሐኪም ቤቱ ንገሩልኝ። እንግሊዝ እንኳ የመንግሥት ሆስፒታሎቿ ከ2019 ጀምሮ አዲስ የፋክስ ማሽን እንዳይገዙ ከልክላለች።

ፋክስ የምልከው ላይብረሪ ሄጄ ነው። ልጄ «አባዬ፣ ላይብረሪ ድረስ ምን ያንከራትትሃል? ኦንላይን አለ» ትለኛለች። መቼ የለም አልኩ? ነፃ የሚባለው ጥቂት ገጽ ብቻ ይልክና ለውለታው መሸፈኛው ላይ የራሱን ማስታወቂያ ይለጥፋል። የስኳር ውጤቴ ከማስታወቂያ ጋር ተቃቅፎ ይሄዳል ማለት ነው። ሌላው «ለሙከራ ነፃ» ይልና ክሬዲት ካርድ ይጠይቃል። ነፃ ከሆነ ካርዴ ምን ይሠራለታል? ሙከራው ሲያልቅ በየወሩ ይቆርጣል። ለመግባት አንድ ቁልፍ መንካት ነው፤ ለመውጣት ግን «እውነት ሊለዩን ነው?» እያለ እንደ ቀብር አልቃሽ ሙሾ የሚያወርድ ሮቦት በሩ ላይ ቆሟል።

ደግሞ ኦንላይኑ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱ ይላል። ፋክስ ጥቁርና ነጭ እንጂ መሐል ቤት አያውቅም፤ ጥላ ያረፈበትን ሁሉ ጥቁር ቀብቶት ያርፋል። ልጄ ምግብ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ያነሳችው ፎርም ሲላክ ፊርማዬ በእጇ ጥላ ተዋጠና የጠረጴዛው ልብስ ጥልፍ ጥርት ብሎ ደረሰ። ሐኪሙ ፈቃዴን ባያገኝም የባለቤቴን ሙያ አይቷል።

ስለዚህ የኔ ድምፅ ለላይብረሪው ነው። እሱም ቢሆን እንከን አያጣም። ስቴፕሉን በጥፍር መንቀል አለ፤ የወረቀቱን ጀርባ መርሳት የለም፤ መስመሩ ከተያዘ ማሽኑ ራሱን ይደጋግማል፣ ከኋላ የቆመውም ወጣት ይተነፍሳል። መላክ እንጂ መቀበል የለም የሚሉ ላይብረሪዎችም ብዙ ናቸው። መልሱ በፋክስ የሚመጣበት ሰው እንግዲህ ለኦንላይኑ የአንድ ወር ከፍሎ ቁጥር ያውጣ፣ ወረቀቱን ይቀበልና ከሮቦቱ ጋር ይላቀስ።

ላይብረሪው ግን ማረጋገጫ ይሰጠኛል። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የገጹ ብዛት፣ ከዚያ «ኦኬ» የምትል ቃል። ከፓስፖርቴ ጋር ነው የማስቀምጣት። «አልደረሰንም» ሲሉኝ መነጽሬን አድርጌ ሰዓቱን ከነደቂቃው አነብላቸዋለሁ። ወዲያው «ይጠብቁ ሰር» ይሉና ይገኛል! ስልክ ውስጥ ያለ ማረጋገጫ እንዲህ አያስከብርም፤ ፈልጌ እስካገኘው መስመሩ ይዘጋል።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሌላ ነው። በብዙ ሐኪም ቤት የፋክስ ማሽን የሚባል ነገር የለም አሉ። እኔ የላክሁትን ወረቀት የሚቀበለው ኮምፒውተር ነው፤ ፋይል ያደርገውና ለጸሐፊዋ በኢሜይል ይልክላታል። ኢሜይል አንቀበልም ላሉት ሰዎች!

ላይብረሪያችን ማሽኑን ያስቀመጠው መስኮት አጠገብ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚታየው ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ወረቀቴ የሚሄድለት ሐኪም ቤት አለ። ፋክሱ አልሄድ ሲለኝ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ፊት ለፊታችሁ ነው ያለሁት፤ ተሻግሬ በእጄ ልስጥሽ።»

«በእጅ አንቀበልም፣ ሰር።»

«መጋረጃችሁ እኮ ይታየኛል!»

«የፋክስ ቁጥራችንን ልስጥዎት?»