ቦምቦሊኖ ጨረቃ ላይ

ቤት ሳፈላልግ ደላሎች «ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ አስፋልት ዳር ነው» ይሉኛል። እኔ የምጠይቀው «ጨለማስ አለው?» ነበር። የሰበታው ደላላ የፋብሪካ መብራት ቀን ያስመሰለው ግቢ ወስዶኝ «ማታ መጽሐፍ ይነበብበታል» ብሎ አሞገሰልኝ። ቡራዩ ያየሁት ሰገነት ደግሞ ጥሩ ነበር፣ የአምቦ መንገድ መኪኖች ፓውዛቸውን ባያበሩበት። በመጨረሻ ሱሉልታ ገባሁ። እዚህ እንጦጦ የአዲስ አበባን መብራት በጀርባው ይከልልልኛል። ብርዱን ግን የሚከልል የለም።

እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የእኔዋ መስታወት 13 ሳንቲ ሜትር ናት። ቢሆንም ጎረቤታሞች ነን።

የመጀመሪያውን የጨረቃ ፎቶ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ጨረቃዋ ላይ ቦምቦሊኖ ተቀምጧል፤ ግራጫ ቀለበት፣ መሃሉ ክፍት። አጠገቡ ቀጭን ጥቁር ትል ተጋድሟል። አከራዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ምነው፣ ቡዳ በላት እንዴ?» አሉ።

«አቧራ ሳይሆን አይቀርም፣ እማማ።»

«አንተ ልጅ! የእኔ ቤት አቧራ ጨረቃ ድረስ ደረሰ?»

ትልቁን መስታወት አውጥቼ አጠብኩ። ቦምቦሊኖው ንቅንቅ አላለም። ለካ መስታወቱ ላይ ያለች ብናኝ ከካሜራው ሴንሰር በጣም ስለምትርቅ ጥላዋ ተበትኖ ይጠፋል፤ ወንጀለኛው ያለው ካሜራው አጠገብ ነው። ካሜራውን ሩብ ዙር አዞርኩና ደግሜ አነሳሁ። ጨረቃዋ ዞረች፣ ቦምቦሊኖው የፎቶው ማዕዘን ላይ እንደ ባለርስት ተቀምጦ ቀረ። ተያዘ!

ቀለበት የሚሆንበትም ምክንያት አለው። የእኔዋን ዓይነት ቴሌስኮፕ አፏ መሃል ላይ ትንሽ መስታወት ይጋርዳታል፤ ስለዚህ የብናኟ ጥላ የቴሌስኮፗን አፍ መልክ ይዞ ይታተማል። ቀለበቱ ትንሽና ጥቁር ከሆነ ብናኟ ለሴንሰሩ ቅርብ ናት፤ ሰፊና ፈዛዛ ከሆነ ራቅ ብላለች። ትሉ ግን ቀለበት አልሠራም፤ ሴንሰሩን የሸፈነው ብርጭቆ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው። የጋቢዬ ክር ነበር። ሱሉልታ ላይ ያለ ጋቢ ፎቶ የሚያነሳ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

በአፌ እፍ አልኩበት። ክሩ ሄደ፣ ምራቄ ሦስት አዳዲስ ቦምቦሊኖ ጠበሰልኝ። ከዚያ ፋርማሲ ሄጄ የጆሮ ማጠቢያዋን የጎማ ፊኛ ገዛሁና ካሜራውን ወደ ታች ደፍቼ አየር ነፋሁበት። ከአንዱ በቀር ሁሉም ረገፉ።

ለእሱ መድኃኒቱ የተገኘው ከአከራዬ ሳጥን ነው። ንጹሕ ነጠላቸውን ጥበቡን ወደ ውጭ አድርጌ የቴሌስኮፗ አፍ ላይ ወጠርኩና ሲነጋጋ ባዶውን ሰማይ አነሳሁ። ነጭ ፎቶ ወጣ፣ ላዩ ላይ ያ ቦምቦሊኖ ብቻ። ሶፍትዌሩ የጨረቃዋን ፎቶ ለዚህ ሲያካፍለው እድፉ ይጠፋል፤ ካሜራውም ፎከሱም ካልተነካ። እኔ ግን በመሃል ካሜራውን ነቅዬ መልሼ ነበርና ብናኟ ቦታዋን ለቃ ቦምቦሊኖው መንታ ሆነ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ። በሁለተኛው ሌሊት ምንም ሳልነካ ሠራሁት፤ ጨረቃዬ ጠራች።

ቅዳሜ ሌሊት ፎቶ አላነሳም። እሑድ ንጋት ላይ ነጠላው ቤተ ክርስቲያን ነው።